ፖርትና ሂክማን ይዘው ወደ ወረዳ የሚመለሱ የኬሞ ታካሚዎች፦ እጥበቱ፣ ሄፓሪኑና ትኩሳቱ

ሊሙ_ነርስ

ሰላም ለዚህ ቤት ባለሙያዎች። ጅማ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስዱ ታካሚዎች በሁለት ዙር መካከል ወደ ሊሙ፣ አጋሮና ሰቃ ሲመለሱ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። አንዳንዱ ደረቱ ላይ ከቆዳ ሥር የተቀበረ ፖርት አለው፣ አንዳንዱ ቱቦው ወደ ውጭ የወጣ ሂክማን፣ አልፎ አልፎም ክንዱ ላይ ፒክ ላይን ያለው አለ፤ ሦስቱም መድኃኒት ወደ ትልቁ ደም ሥር የሚያስገቡ ቱቦዎች ናቸው፣ በጥቅሉ ላይን እንላቸዋለን። የሚመጡት ወይ "ይታጠብልኝ" ብለው ነው፣ ወይ "አተኮሰኝ" ብለው።

ጤና ጣቢያ ላይ የሚገኘው ኖርማል ሳላይን፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ፖቪዶን አዮዲን፣ ጎዝና ፕላስተር፣ እንዲሁም በሚሊ ሊትር 5,000 ዩኒት ያለው የሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ቫያል ነው። የቆዳ ማጽጃው ክሎርሄክሲዲን የለም፤ ሳቭሎን ግን አለ። ለፖርት የሚሆነው የሁበር መርፌ ታካሚው ራሱ ይዞ ካልመጣ አይገኝም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። እጥበቱ በየስንት ጊዜው፣ በምን ያህል መጠን፣ ሄፓሪኑስ እንዴት ይቀጥን? የላይኑ መውጫ ንጹሕ ሆኖ፣ ቅላትም መግልም ሳይታይ ትኩሳት ከመጣ ላይኑን እንጠርጥር ወይስ ወባውን አክመን እንጠብቅ? ደግሞም "ትኩሳት ካለ ላይኑ ወዲያው ይነቀል" የሚሉ አሉ፤ ልክ ነው?

ሂርማታ_ኦንኮሎጂ

ሲስተር፣ ስለ እጥበቱ እኔ ልጀምር፣ ትኩሳቱን ሐኪሞቹ ይመልሱልሽ።

ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥለው ቱቦው ከቆዳ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። ላይኑ በገባ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ገደማ ጀርሙ በአብዛኛው የሚገባው እውነትም ከቆዳው ተነሥቶ የቱቦውን የውጭ ገጽ ይዞ ነው። ላይኑ ወራት ሲያስቆጥር ግን በሩ ይቀየራል፤ ሲሪንጅና የፈሳሽ መስመር በሚገጠምበት ጫፍ በኩል፣ በቱቦው ውስጥ ለውስጥ ይገባል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ራሱን በሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይጋርዳል፤ አንቲባዮቲክም ነጭ የደም ሕዋስም በቀላሉ አይደርሱበትም። ስለዚህ መውጫውን በአዮዲን አሳምሮ ጫፉን ባልታጠበ እጅ የሚከፍት ባለሙያ ዋናውን በር ክፍት ትቶታል።

ጫፉ ሲነካ እንዲህ ነው፦ እጅ ይታጠባል፣ ንጹሕ ጓንት ይደረጋል፣ አዲስ ጎዝ በ70 በመቶ አልኮል ይርሳል፣ ከዚያ ጫፉ ከነጥርሱ ዙሪያውን ቢያንስ 15 ሰከንድ ይፈተጋል። ገረፍ አድርጎ ማለፍ አይቆጠርም፤ ቆሻሻው የሚነሣው በፍትጊያው ነው። ቀጥሎ በራሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ አይናፈስም፣ በአፍ እፍ አይባልም (ይህንን የሚያደርግ ሰው ስንት እንዳለ ታውቂያለሽ)። ከተፈተገ በኋላ ጫፉ ልብስ ወይም አልጋ ከነካ እንደገና ከመጀመሪያው።

አንድ የተለመደ ነገር እዚህ ላይ ይቅር፤ ጠዋት ጥጥ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ዕቃ እየዘገኑ መጠቀም። አልኮሉ ይተንና ይደክማል፣ ስንቱ እጅ ይገባበታል፣ የባክቴሪያ ስፖርን (ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛውን ጀርም) ደግሞ አልኮል አይገድልም። ለእያንዳንዱ ታካሚ ከጠርሙሱ ትኩስ አፍስሱ።

ሲሪንጁ ከ10 ሚሊ ሊትር ያነሰ አይሁን። ትንሽ ሲሪንጅ በዚያው በአውራ ጣት ግፊት ቱቦው ውስጥ የሚፈጥረው ጫና በጣም ይበልጣል፤ ቱቦው ተደፍኖ ከሆነ ሊቀደድ ወይም ከፖርቱ ሊላቀቅ ይችላል። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ደም ከመጣ ቦታው ላይ ነው። ቀጥሎ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ፣ ቆም እያሉ ይሰጣል፤ የሚቆራረጠው ግፊት ውስጡን ያጥባል። ደም ከተቀዳ ወይም ደም ከተሰጠ በኋላ 20 ሚሊ ሊትር ይሁን። የመጨረሻዋ ግማሽ ሚሊ ሊትር እየተገፋች ሳለ ክላምፑ (የቱቦው መቆንጠጫ) ይዘጋል፤ ሲሪንጁ ከተነቀለ በኋላ ከተዘጋ ደም ወደ ጫፉ ተመልሶ ይረጋል። የረጋ ደም ደግሞ ለጀርሙ ጎጆው ነው።

ፖርት በተራ መርፌ አይወጋም። የሁበር መርፌ ጫፉ የተቀለሰው የፖርቱን ሲሊኮን ክዳን ሳይቦረቡር እንዲያልፍ ነው፤ ተራ መርፌ ግን እንደ ቡሽ እየቦረቦረ ያፈስሰዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ኬሞ ከቆዳ ሥር ይፈስሳል። የሁበር መርፌ ከሌለ ፖርቱን ተዉት፣ ከክንድ ደም ሥር ስጡ። ሲወጋ ቆዳው ከመሃል ወደ ውጭ ይጸዳል፣ ስቴራይል ጓንትና ማስክ ይደረጋል፣ ፖርቱ በሦስት ጣት ከግራና ከቀኝ ተይዞ መርፌው የፖርቱን ወለል እስኪነካ ቀጥ ብሎ ይገባል። መርፌው ገብቶ የሚቆይ ከሆነ በ7 ቀን ይቀየራል።

ሥራ ላይ ያልዋለ ፖርት በተለምዶ በየ4 ሳምንቱ ይታጠባል፤ እስከ 3 ወር የሚያራዝሙም አሉ። ስለዚህ የሁበር መርፌ የሌለበት ቦታ በየሳምንቱ ፖርት ለመውጋት ምንም ምክንያት የለም፤ ታካሚው ለቀጣዩ ዙር ጅማ ሲመጣ ይታጠብለታል። ሂክማንና ፒክ ግን ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ሁለት ጫፍ ካላቸው ሁለቱም።

መሸፈኛው ጎዝ ከሆነ በየ2 ቀን፣ ግልጽ ፕላስተር ከሆነ በየ7 ቀን፤ ከረጠበ፣ ከላላ ወይም ከቆሸሸ በዚያው ሰዓት። ክሎርሄክሲዲን በአልኮል የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ከሌለ ፖቪዶን አዮዲን ቀብታችሁ 2 ደቂቃ ሙሉ ይድረቅ፤ እርጥብ ሳለ በአልኮል ከጠረጋችሁት ሥራውን አቋረጣችሁት። ሳቭሎን ግን ምትኩ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ክሎርሄክሲዲን ጥቂት ነው፣ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ራሱ ሊበከል ይችላል። የአንቲባዮቲክ ቅባትም መውጫው ላይ አትቀቡ፤ ፈንገስ ይጋብዛል።

ቆጪ_ፋርማሲስት

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ። ሄፓሪኑ ግን ቁጥር ስለሚፈልግ ለብቻው ላስቀምጠው።

ለፖርትና ለሂክማን መዝጊያ (ከእጥበት በኋላ ቱቦው ውስጥ ለሚተወው ፈሳሽ) የሚፈለገው በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው። ቫያሉ 5,000 ስለሆነ 50 ጊዜ መቅጠን አለበት። ቀላሉ መንገድ፦ በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 0.2 ሚሊ ሊትር ሄፓሪን ትወስጃለሽ፣ ይህ 1,000 ዩኒት ነው፤ 9.8 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ ስትጨምሪው 10 ሚሊ ሊትር ባለ 100 ዩኒት ይሆናል። ለፖርት ከዚህ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር በቂ ነው።

ጥንቃቄው የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ ነው። እሱ ላይ የተጻፉት መስመሮች የኢንሱሊን ዩኒት እንጂ የሄፓሪን አይደሉም። ባለ 100ው ሲሪንጅ ላይ 20 የሚለው መስመር 0.2 ሚሊ ሊትር ነው፣ በሄፓሪን ግን 1,000 ዩኒት ይዟል። "100 ዩኒት ሄፓሪን" ተብሎ የታዘዘለት ሰው እስከ 100 መስመር ሞልቶ ቢሰጥ 5,000 ዩኒት ሰጠ ማለት ነው። ኬሞ ላይ ያለ፣ ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ወደ 30,000 የወረደ ታካሚ ላይ ይህ ደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ ትእዛዙም መዝገቡም ላይ በሚሊ ሊትር ይጻፍ።

ሄፓሪን ከጄንታማይሲን ጋር ሲገናኝ ይረጋል፣ ቱቦውን ይደፍናል። ቅደም ተከተሉ ሳላይን፣ መድኃኒት፣ ሳላይን፣ መጨረሻ ላይ ሄፓሪን ይሁን። ለዳያሊሲስ የሚገባው ካቴተር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ መዝጊያው በጣም ወፍራም ሄፓሪን ስለሆነ ሳይሳብና ሳይደፋ ወደ ውስጥ አይገፋም። ያንን ላይን ከዳያሊሲስ ክፍል ውጭ ማንም ባይነካው ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ የ1 ሊትር ሳላይን ከረጢት ነው። መርፌ ተሰክቶበት፣ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ለሁሉም ታካሚ እጥበት ከዚያ ሲቀዳ ይታያል። አንድ ሲሪንጅ ከበከለው ከዚያ የሚታጠብ ሁሉ ጀርሙን በቀጥታ ወደ ልቡ አጠገብ ይወስዳል። ነጭ ደሙ የወረደ ሰው ላይ ጥቂት ጀርም ይበቃል። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ትንሽ አምፑል ይከፈት። ከሌለ አዲስ ትንሽ ጠርሙስ ተከፍቶ የተረፈው ይደፋ። ብክነት ይመስላል፣ ግን አንድ የሜሮፔነም (ጠንካራ አንቲባዮቲክ) ኮርስ ስንት እንደሚያወጣ አስቡት።

ስለ ሄፓሪን የራሴን አስተያየት ልጨምር፦ ፖርት በሳላይን ብቻ ቢዘጋ ከሄፓሪን ብዙም እንደማያንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ቅጥነቱን በትክክል የሚሠራ ሰው በሌለበት፣ በአግባቡ የተገፋ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን በስሕተት ከተቀጠነ ሄፓሪን ይሻላል።

ሊሙ_ነርስ

በጣም አመሰግናለሁ። ኢንሱሊን ሲሪንጁን በተመለከተ ሳይጻፍ እንዳይቀር ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ትኩሳቱን የሚመልስልኝ አለ? የወባ ፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ሲመጣ ነው በተለይ ግራ የሚያጋባው።

ቦሳ_ውስጥ_ደዌ

እኔ ልመልስ። በጅማ ዙሪያ ወባ ስላለ ምርመራው መሠራቱ ልክ ነው። ስሕተቱ ፖዘቲቭ ሲመጣ ሌላውን ማቆም ነው። ፈጣን ምርመራው የሚፈልገው የፋልሲፓረምን (የአንዱን የወባ ዓይነት) ፕሮቲን ሲሆን ወባው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አዲስ ወባም ቢሆን በደም ውስጥ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም። ላይን ያለውና ኬሞ ላይ ያለ ሰው ከተኮሰ ሁለቱም ይታከማሉ፤ ወባው አንቲባዮቲኩን አያስቀርም።

መውጫው ንጹሕ ስለመሆኑ፦ ቅላት፣ እብጠትና መግል የሚሠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋው ነጭ የደም ሕዋስ) ከሌለ መግል ከየት ይመጣል? ስለዚህ ቆዳው ያማረ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ትንሽ ሕመም ወይም ሲነካ መቆርቆር ብቻ ሊሆን ይችላል ምልክቱ።

የኒውትሮፊል ቁጥር ካልተጻፈ ራሳችሁ አስሉት፦ ጠቅላላ ነጭ ደም በኒውትሮፊል ፐርሰንት ይባዛል፣ ለ100 ይካፈላል። ነጭ ደሙ 1,200፣ ኒውትሮፊሉ 30 በመቶ ከሆነ 360 ነው። ከ500 በታች ከሆነ፣ ወይም ወደዚያ እየወረደ ከሆነ ድንገተኛ ነው። በብዙ የኬሞ ዓይነቶች ዝቅተኛው ጊዜ ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው፤ ላቦራቶሪ ከሌለ ቀኑን ቆጥራችሁ እንደወረደ ያዙት።

ትኩሳት የምንለው አንዴ 38.3፣ ወይም ለአንድ ሰዓት የቆየ 38.0 ነው። የብብት ሙቀት ከአፍ ዝቅ ስለሚል ብብት ላይ 37.8 ያያችሁበትን ሰው "ደህና ነህ" ብላችሁ አትመልሱ። በፊንጢጣ አይለካ። ፓራሲታሞል ውጦ እንደሆነ ጠይቁ። እንደ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ጨርሶ ላይተኩስ ይችላል፤ የደም ግፊቱ መውረድና መቀባዠሩ ብቻ ነው የሚታየው።

ከሁሉም ምልክት የማምነው ይህንን ነው፦ ላይኑ በታጠበ በግማሽ ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ አልጋውን የሚያንቀጠቅጥ ብርድ። ቱቦው ውስጥ የነበረው ጀርም ወደ ደሙ ተገፋ ማለት ነው። ያኔ በላይኑ መስጠት ይቆማል፣ ክላምፑ ይዘጋል፣ ሌላ ነገር ሁሉ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል።

ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በ60 ደቂቃ ውስጥ ይግባ። የካልቸር (ከደም ጀርም የሚበቅልበት ምርመራ) ጠርሙስ ካለ ከላይኑ አንድ፣ ከክንድ አንድ፣ ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም፤ የተቀዳበት ቦታና ሰዓት ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ማሽን ባለበት ላቦራቶሪ የላይኑ ከክንዱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ካደገ ምንጩ ላይኑ ነው። ጠርሙስ ከሌለ ግን ፍለጋ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

የሚመረጠው ሴፌፒም፣ ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ወይም ሴፍታዚዲም ነው፤ ፕሱዶሞናስ የተባለውን አደገኛ ባክቴሪያ ስለሚይዙ። ሴፍትሪአክሶን ፕሱዶሞናስን አይሸፍንም። ከሱ ሌላ ከሌላችሁና ጉዞው ሰዓታት የሚወስድ ከሆነ ግን 2 ግራም ስጡ፣ ኩላሊቱ ደህና ከሆነና ሲስፕላቲን የማይወስድ ከሆነ ጄንታማይሲን ይጨመር፤ ባዶ እጁን ከመላክ ይሻላል። ሴፍትሪአክሶን ከሪንገር ላክቴት ጋር በአንድ መስመር አይሂድ፣ ካልሲየሙ ያረጋዋል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ኬሞ ቀን፣ የላይኑ ዓይነት፣ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ይጻፍ። ዝናብ ላይ መንገዱ እንዴት እንደሚሆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ "ነገ ጠዋት ይሂድ" የሚባል ነገር የለም።

ጊቤ_ሰርጀሪ

"ትኩሳት ካለ ይነቀል" የሚለው በግማሽ እውነት ነው። ጀርሙ ሳይታወቅ፣ ታካሚው ግፊቱ ሳይወርድ ላይን መንቀል አዲስ ላይን ማስገባት ማለት ነው፤ ፕላትሌቱ የወረደ ሰው ላይ ደግሞ ያም የራሱ አደጋ አለው። የተለመደው የቆዳ ስታፍ ከሆነና ሰውየው ከተረጋጋ፣ በደም ሥር መድኃኒትና ቱቦው ውስጥ በሚቆይ የአንቲባዮቲክ መዝጊያ ላይኑን ማትረፍ ይሞከራል።

ሳያከራክር የሚወጣው ስታፍ ኦውረስ፣ ፕሱዶሞናስ ወይም ካንዲዳ (ፈንገስ) ሲበቅል፤ የፖርቱ ኪስ ወይም ቱቦው በቆዳ ሥር የሚሄድበት መስመር ከመውጫው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲቀላና ሲያም፤ ታካሚው ሾክ ውስጥ ሲገባ፤ ትክክለኛ መድኃኒት እየወሰደ ከ72 ሰዓት በኋላም ካልቸሩ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። በካንዲዳ ላይ "መድኃኒቱን እንሞክር" የሚለውን ክርክር አልቀበለውም፤ ቱቦው ውስጥ እያለ ደሙ አይጠራም።

ጤና ጣቢያ ላይ ግን ማንም አይንቀል። ፖርት ቀዶ ጥገና ነው። ሂክማንም ከቆዳ ሥር ሥጋ የበቀለበት ማሰሪያ ስላለው በጉልበት ሲጎተት ይበጠሳል። ፒክ እንኳ ሲወጣ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ነው፤ ተቀምጦ ቢወጣ አየር ወደ ደም ሥሩ ሊሳብ ይችላል።

ስለ "ደም አልስብ አለ"፦ ሳላይኑ ይገባል ደም ግን አይመጣም ከሆነ መጀመሪያ ክንዱን ያንሣ፣ ይሳል፣ በጎኑ ይተኛ፤ ጫፉ የደም ሥሩን ግድግዳ ተደግፎ ሊሆን ይችላል። ፖርት ከሆነ መርፌው ወለሉን መንካቱን እዩ። ክንዱን ሲያነሣ ብቻ የሚሠራ፣ ሲያወርድ የሚዘጋ ከሆነ ቱቦው በክላቪክል (ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ በሚሄደው አጥንት) እና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ያለ ቱቦ ቆይቶ ይቆረጥና ቁራጩ ወደ ልብ ይሄዳል፣ ስለዚህ የደረት ራጅ ሳይነሣ አትጠቀሙበት። በሁሉም ሁኔታ ደም ሳይመለስ እንደ ዶክሶሩቢሲን ወይም ቪንክሪስቲን ያለ ኬሞ አይሰጥም፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሱ ሥጋውን ያከስላሉ።

አንድ ክንድ፣ አንገት ወይም ፊት ካበጠ ደሙ ረግቷል ብላችሁ ላኩ።

አጂፕ_ሚድዋይፍ

አንድ ያልተነሣ ነገር፦ ጸበልና ውዱእ። እዚህ አካባቢ ሁለቱም አሉ፣ ታካሚ ግን ካልጠየቁት አይናገርም። መርፌ ያልተሰካበት፣ ቁስሉ የዳነ ፖርት ውሃ ቢነካው ችግር የለውም። ሂክማንና ፒክ ግን ውሃ ውስጥ አይገቡም፤ የጸበሉም የወንዙም የቧንቧውም ውሃ ስቴራይል አይደለም። ምን ይመከራል?

ሂርማታ_ኦንኮሎጂ

ትክክል ነሽ። "ጸበል አትሂድ" ከተባለ ደብቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከአንገት በታች ሳይፈስስ በእጁ ተቀብሎ ፊቱን እንዲታበስ፣ ከተቻለም ካህኑን እንዲያማክር እንነግረዋለን። ነጭ ደሙ በወረደበት ወቅት ያልፈላ ውሃ አለመጠጣቱም አብሮ ይነገረው። ክንዱ ላይ ፒክ ያለው ሙስሊም ታካሚ በመሸፈኛው ላይ ማበስ እንደሚፈቀድለት ሼኾቹ ያስረዱታል፤ ከእኛ ይልቅ እነሱ ቢነግሩት ይቀበላል። ገና ላይን ሳይገባለት ከታወቀ ደግሞ፣ በቀን አምስት ጊዜ ክንዱን ለሚታጠብ ሰው ከፒክ ይልቅ ፖርት እንዲታሰብለት ለሐኪሙ ጻፉ።

ሊሙ_ነርስ

ሌላ አንድ ብቻ፦ ቤት ውስጥ ክዳኑ ቢወድቅ ወይም ቱቦው ቢቀደድ ታካሚው ምን ያድርግ?

ጊቤ_ሰርጀሪ

ክዳኑ ከወደቀ መጀመሪያ ክላምፑን ይዝጋ፣ የወደቀውን መልሶ አይግጠም፤ በአዲስ ጎዝ ጫፉን ሸፍኖ ይምጣ። ከተቀደደ ቱቦውን በቀዳዳውና በቆዳው መካከል አጥፎ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ይሠር። ትንፋሽ ካጠረው በግራ ጎኑ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተኝቶ ነው የሚጓጓዘው። ከሆስፒታል ሲወጣ ጥርስ የሌለው ትርፍ ክላምፕ ይሰጠውና ከልብሱ ጋር ይያዝለት፤ ጥርስ ያለው መቀስ መሰል መያዣ ግን ቱቦውን ይበሳዋል።